አንድ ጠረጴዛ፣ 63 ጠዋት፣ እና እንጨቱ ላይ ያየኋቸው ቁጥሮች

የመስኮት ዳር

ሰላም ለዚህ የፎቶ መድረክ ሰዎች። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለኝና ታገሱኝ።

ካሜራ ከያዝኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ከፎቶ ጋር አይገናኝም፤ የማነሳው ደስ ስለሚለኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያምር ነገር ስፈልግ አሳለፍኩ። ተራራ፣ ሐይቅ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። ቤት ገብቼ ሳያቸው ያምራሉ። ግን ሌላ ሰው እኔ የቆምኩበት ቆሞ ቢያነሳም ያው ናቸው። እኔ የለሁባቸውም።

ከዚያ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ሳሎን ያለውን ጠረጴዛ ብቻ፣ በየቀኑ ጠዋት፣ በአንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ። ለፎቶ ብዬ ምንም ነገር አላስተካክልም። ብርጭቆ ከተቀመጠ ብርጭቆውን፣ ቁልፍ ከተጣለ ቁልፉን፣ ባዶ ከሆነም ባዶውን። ዛሬ 63ኛው ጠዋት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰልችቶኝ ልተወው ነበር። 12ኛው ቀን ላይ ግን ማታ የተረሳ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አገኘሁ። ፀሐይ በውሃው ውስጥ አልፋ እንጨቱ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ሠራች። ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀይ፣ ትንሽ ሰማያዊ አለው። ብርጭቆውን ትቼ መስመሩን አነሳሁ። ብርጭቆው እዚያው ቆሞ መስመሩ በየደቂቃው ቦታ ይለውጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ምን አለ የሚለውን ጥያቄ ተውኩት። ብርሃኑ ዛሬ ምን እያደረገ ይሆን ብዬ ነው ከአልጋ የምነሳው።

በመሃል ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ 2 ሰከንድ ከፍቼ መጋረጃው በነፋስ ሲወዛወዝ አነሳሁ፤ መጋረጃው ጭስ መሰለ፣ ጠረጴዛው ጥርት ብሎ ቀረ። የረጠበ ፌስታል ሌንሱ ፊት ዘርግቼ አነሳሁ፤ እሱን አልወደድኩትም፣ ከፎቶው ይልቅ ብልሃቱ ነው የሚታየው። ሌንሱን ፈትቼ፣ ገልብጬ፣ ካሜራው አፍ ላይ በእጄ ይዤ የጨው ፍሬ አነሳሁ። በዓይን ነጥብ የምታክለው ነገር ጠርዝና ማዕዘን ያላት ሳጥን ሆና መጣች። ፎከሱን የማገኘው ትንፋሼን ይዤ፣ በመላ ሰውነቴ ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ ነበር። 40 ጊዜ ያህል አንስቼ አንዷ ናት የተሳካችው። እሷን እስከ ዛሬ እየከፈትኩ አያታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። 58ኛው ቀን ላይ ብርሃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠረጴዛው ርዝመት ልክ ገባ። በጣም ዝቅ ብሎ፣ እንጨቱን እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው። እና ባዶ ነው ያልኩት ጠረጴዛ ላይ ጽሑፍ አየሁ። ቀለም የለውም። እስክሪብቶ በወረቀት ላይ ሲሄድ ከሥር ያለውን እንጨት የጎዳጎደው ነው። ቁጥሮች ናቸው፤ ወይም የቁጥር ቁራጮች። ቀጥ ያሉ ጭረቶች፣ ግማሽ ክቦች።

ጠረጴዛው የአባቴ ነው። ማታ ማታ ሒሳቡን የሚሠራው እዚያ ላይ ነበር፤ ከወረቀቱ ሥር ምንም ሳያነጥፍ። አሁን በሕይወት የለም። ቁጥሮቹ የሱ ለመሆናቸው አልተጠራጠርኩም።

ብርሃኑ እንደዚያ ሆኖ የሚቆየው 9 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት ይዤዋለሁ። ፀሐይ ትንሽ ከፍ ካለች ጠረጴዛው ተመልሶ ባዶ ይሆናል። አምስት ጠዋት አነሳኋቸው፤ ሁሉም ላይ ጎዶሎ ናቸው። ሙሉውን እንዴት ላንሳው? ደግሞስ ማንሳት አለብኝ ወይ? እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ሁለተኛው ነው።


ስልኬ ካሜራዬ

እህቴ፣ ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ስለሆነ ስለ ሌንስ ብዙ አልናገርም። ግን ኤዲት ላይ ኮንትራስቱን፣ የብርሃንና የጥላ ልዩነቱን፣ ከፍ ብታደርጊው የጎደለው አይወጣም? እኔ ደብዘዝ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን አልገባኝም። አባትሽ የጻፈው ነገር ነው። ለምን አታነሺውም?


ጥላ ቆጣሪ

ኮንትራስት ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አያመጣም። እዚህ ችግሩ የብርሃኑ አቅጣጫ ነው።

የመስኮት ዳር፣ ሳታውቂው የገባሽበት ነገር ሙዚየም ውስጥ ሥዕል የሚመረምሩ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው። መብራቱን ከጎን፣ በጣም ዝቅ አድርገው ያበሩታል። ቀለሙ የተሰነጠቀበት፣ የተላጠበት፣ ሸራው የተጨማደደበት ቦታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። መብራቱ ከፊት ለፊት ሲሆን ያ ሁሉ ይጠፋል። ጨረቃን በቴሌስኮፕ ያየ ሰውም ያውቀዋል። ጉድጓዶቿ ቁልጭ ብለው የሚወጡት ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን፣ ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር አጠገብ ነው።

ቁጥሮቹ ለምን ጎደሉ? ጥላ የሚጥለው ብርሃኑን የሚያቋርጥ ጭረት ነው። ከብርሃኑ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ግራና ቀኙ እኩል ይበራል፤ ጥላ የለውም፣ ስለዚህ አይታይም። ጸሐፊው በረጅሙ ጎን ተቀምጦ ከነበረ የጽሑፉ መስመር በጠረጴዛው ርዝመት ይሄዳል። ያንቺ ብርሃንም በርዝመቱ ነው የሚገባው። ስለዚህ የቁም ጭረቱ ሁሉ ይወጣል፣ አግድሙ ሁሉ ይሞታል። 4 ሁለት ዱላ ሆኖ ይቀራል። 7 አናቱን ያጣል። 1 ብቻ ነው ሙሉ የሚሆነው። ፎቶዎችሽን ከፍተሽ እዪ፤ እንደዚህ ካልሆነ ንገሪኝ።

ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት አንድ ጊዜ በቁም፣ አንድ ጊዜ በአግድም አጥፈሽ ዘርጊው። በጨለማ ከአንድ ጎን ዝቅ አድርገሽ አብሪበት። አንዱ እጥፋት አይታይም። ወረቀቱን ሩብ ዙር አዙሪው፤ የጠፋው ይመጣል፣ የነበረው ይጠፋል።

ስለዚህ አንድ ብርሃን አይበቃሽም። ማታ ላይ ካሜራውን ከላይ ወደታች ቀጥ አድርገሽ እሰሪው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ፎከሱም የቀለም ሚዛኑም በእጅ፤ በመሃል ምንም እንዳይለወጥ። የእጅ ባትሪ ይዘሽ ጠረጴዛውን እየዞርሽ ከ8 አቅጣጫ አብሪ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ፎቶ። ባትሪውን አታቅርቢው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ከ30 ሳንቲሜትር ካበራሽ የቅርቡ ጫፍ ይነጣል፣ የሩቁ ይጨልማል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ራቂ። ከዚያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ደራርበሽ፣ በየነጥቡ ጠቆር ያለውን ብቻ እንዲያስቀር እዘዢው።


ማለዳ ተጓዥ

በቅንነት ነው የምናገረው፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

ሕግሽ «ምንም ነገር አላስተካክልም» የሚል ነበር። ባትሪ ማስተካከል ነው። 58 ጠዋት ጠብቀሽ ብርሃኑ በራሱ ጊዜ ያመጣልሽን ነገር፣ አሁን ባትሪ ይዘሽ ልታስገድጂው ነው። ጎዶሎነቱ ለእኔ ጉድለት አይደለም። ፎቶው እሱ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች አንዱ የነበረው ዳጌር በ1838 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ከፎቅ ላይ ሆኖ ቡሌቫርድ ዱ ታምፕልን ያነሳውን አስቢ። ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት መንገድ ነበር። ያኔ ፎቶው የሚቀረጽበት የብረት ሳህን ብርሃን ለመቀበል ደቂቃዎች ይፈልግ ስለነበር የተንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ ሰው ቁልጭ ብሎ የቀረው ጫማውን ሊያስጠርግ እግሩን አስቀምጦ የቆመው ሰውዬ ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለቆመ ቀረ። ዳጌር መንገዱን ሙሉውን ማንሳት ቢችል ኖሮ ያንን ሰውዬ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

እኔ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ነው የማነሳው። ሹተሬ ብዙ ጊዜ 1/15 ሰከንድ ላይ ነው። የሚራመድ ሰው ገላው ይሟሟል፤ መሬት የረገጠው እግሩ ግን ለዚያች ቅጽበት ስለሚቆም ጥርት ይላል። አንድ ጫማ ብቻ፣ ከላይ ጥላ የሚመስል ሰው። ሹተሩን ባፈጥነው ሰውየው ሙሉ ይሆናል፣ ፎቶው ግን ይሞታል። ባትሪውን ተይው እህቴ።


አሮጌ ኔጋቲቭ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ግን የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ነው።

እኔ ብዙ ዓመት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ቀይ መብራት፣ የተደረደሩ ሳህኖች፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሲድ ሽታ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ኔጋቲቭ ይዞልኝ መጣ። በር ላይ የቆመች ሴት ናት፤ ፊቷ ጥላ ውስጥ ነው፣ ከኋላዋ ግቢው በፀሐይ ቦግ ብሏል። በቁራጭ ወረቀት እየሞከርኩ፣ 2 ሰከንድ፣ 4፣ 6፣ 8 እያልኩ ፈለግኩት። ፊቷ እንዲታይ ሳደርግ ግቢው ነጥቶ ጠፋ። ግቢው እንዲታይ ሳደርግ እሷ ጠቆረች። ሁለቱንም አጥቤ ሰጠሁት። አንደኛውን እያየ «ይኼ እናቴ ናት» አለኝ። ሁለተኛውን እያየ ብዙ ቆየ፣ ምንም አላለም። ሁለቱንም ይዞ ሄደ።

አንዱ የሚነበብ ፎቶ ነው፣ ሌላው የሚታይ። ልጄ፣ የሚነበበውን በባትሪ አንሺው፤ አባትሽ ምን እንደጻፈ ማወቅ መብትሽ ነው። የሚታየውን በመስኮትሽ አንሺው። አትደባልቂያቸው ብቻ።

ጆሴፍ ሱዴክ የሚባል የቼክ ፎቶ አንሺ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን አጥቷል። ከ1940 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ድረስ ፕራግ ያለውን የስቱዲዮውን መስኮት ደጋግሞ አነሳ። እንፋሎት የያዘው መስታወት፣ የዝናብ ጠብታ፣ ከጀርባ የተጣመመ ዛፍ። ትልልቅ ካሜራ በአንድ እጁ እየተሸከመ። ያንቺን 63 ጠዋት ሳነብ እሱ ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

አንድ አደራ አለኝ። ጽሑፉ እንዲወጣ ብለሽ ዱቄት እንዳትነሰንሺበት፣ እርሳስ እንዳታሺበት፣ ዘይት እንዳትቀቢው። ብርሃን ቢሳሳት ነገ ይታረማል። እንጨቱ ውስጥ የገባ ነገር አይወጣም።


ስልኬ ካሜራዬ

ጥላ ቆጣሪ ያለውን በወረቀት ሞከርኩት፤ የእህቴን ስልክ ለመብራት፣ የኔን ለፎቶ አድርጌ። ይሠራል! ወረቀቱን ሳዞረው አንዱ እጥፋት ዓይኔ እያየ ጠፋ።

ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ግድግዳው ላይ አበራሁ፤ ቀለም ቀቢው ብሩሹን ያስኬደበት መንገድ ሁሉ ወጣ፣ የት ጋ ጀምሮ የት ጋ እንደጨረሰ ሳይቀር። የአልጋ ልብሱ ላይ አበራሁ፤ ከአውሮፕላን የሚታይ ሸለቆ መሰለ። መጨረሻ ላይ የድሮ ደብተሬን አገኘሁ። ባዶ ገጽ ነው። ሳበራበት ከተቀደደው ገጽ የተላለፈ ፊርማ አየሁ። የኔ ነው። ልጅ ሆኜ ፊርማ ስለማመድ፣ አስራ ሁለት ጊዜ። ገጹን ቀድጄ የጣልኩት ማንም እንዳያየው ብዬ ነበር።

እህቴ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ አሁን ገባኝ። ያንን ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ግን ለማንም አላሳየሁትም።

ጋሼ አሮጌ ኔጋቲቭ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጓደኞቼ ሹካና ቁልፍ ሳነሳ ሲያዩ «ምን ይሠራልሃል?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?


አሮጌ ኔጋቲቭ

ምንም አትበላቸው ልጄ፣ ሹካ አሳያቸው። አንድሬ ከርቴስ በ1928 እ.ኤ.አ. ያነሳው አለ። ሹካ ነው፣ ሳህን ጠርዝ ላይ የተደገፈ። ጥላው ሳህኑ ላይና ጠረጴዛው ላይ ወድቋል። ሌላ ምንም የለም። ይኸው መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁንም ሰው ቆሞ ያየዋል። ኤድዋርድ ዌስተን ደግሞ በ1930 እ.ኤ.አ. አንድ ቃሪያ የቆርቆሮ ፈነል ውስጥ አስቀምጦ አነሳ። ቆርቆሮው ብርሃኑን ከየአቅጣጫው ይመልስለታል፤ ቃሪያው የሰው ጀርባ መስሎ ወጣ። ከዚያ በፊት ስንት ቃሪያ አንስቶ እንደጣለ ብታይ። የዚያ ፎቶ ቁጥሩ 30 ነው።

ፊርማህን ለማንም አለማሳየትህ ጥሩ አድርገሃል። ማንሳትና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ዛሬ ይኼ እየተረሳ ነው።


ሰማያዊ እጅ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የመስኮት ዳር፣ ስትጨርሺ በሳያኖታይፕ አትሚው እባክሽ። ነገሩ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

ለማያውቁት፦ በፀሐይ የሚታተም ሰማያዊ ፎቶ ነው። ሁለት የብረት ጨዎች፣ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ፣ በውሃ ይሟሟሉ፣ ይቀላቀላሉ፣ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ወረቀት ላይ በብሩሽ ይቀባሉ። ወረቀቱ ሲደርቅ ኔጋቲቩን ከላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ነው። ከዚያ ውሃ ብቻ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ሐርሸል በ1842 እ.ኤ.አ. ነው ያገኘው፤ ማስታወሻና ንድፍ ለመገልበጥ ይጠቅማል ብሎ። በኋላ የመሐንዲሶች ሰማያዊ ፕላን የመጣው ከዚሁ ነው። የዕፅዋት አጥኚዋ አና አትኪንስ በ1843 እ.ኤ.አ. የባሕር አረም ወረቀቱ ላይ እያስተኛች፣ ያለ ካሜራ፣ ማተም ጀመረች። የያንዳንዱ አረም ጥላ ነው የቀረው። ጥላ፣ ንድፍ፣ የእጅ ጽሑፍ፤ ሦስቱም ያንቺ ጠረጴዛ ላይ አሉ።

ከኔ ስሕተት ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹን በችኮላ ነው ያጠብኩት። አምረው ነበር። በሳምንቱ ነጭ የነበረው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ወረቀቱ ውስጥ ያልታጠበ ኬሚካል ቀርቶ ብርሃን ሲያገኝ ሥራውን ቀጠለ። አሁን ውሃው ቢጫ መሆኑን ካቆመ በኋላም እለውጥለታለሁ፣ ደጋግሜ። ሰማያዊው ደግሞ እንደወጣ ፈዛዛ ነው፤ አትደንግጪ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በአየር እየጠቆረ ይመጣል። ጓንትም አድርጊ። ስሜ ከየት እንደመጣ ይገባሻል።


የመስኮት ዳር

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ስምንት ቀን ሆነኝ፤ 71ኛው ጠዋት ላይ ነኝ። ሁላችሁንም ሰምቻለሁ። ማለዳ ተጓዥ፣ ያንተን ደጋግሜ አነበብኩትና ለሁለት ቀን ባትሪ ሳልነካ ቀረሁ። በመጨረሻ የጋሼን ምክር ያዝኩ።

ማታ መጋረጃዎቹን ዘጋሁ፣ ካሜራውን ከላይ አሰርኩ። የመጀመሪያው ዙር አልሆነም። የባትሪዬ ብርሃን መሃሉ ላይ ደማቅ ክብ፣ ዙሪያው ላይ ቀለበት አለው፤ የቀለበቱ ጠርዝ ራሱ ጭረት እየመሰለ አታለለኝ። አፉ ላይ ስስ ነጭ ወረቀት አሰርኩበት። ቀለበቱ ጠፋ።

ከጎን ሳበራ ሌላ ነገር መጣ። የእንጨቱ ጅማት ሁሉ ተነሳ። ጅማቱ በጠረጴዛው ርዝመት ስለሚሄድ ከጎን የመጣ ብርሃን ያቋርጠዋል። ቁጥሩና ጅማቱ ተደባልቀው ምንም አይለይም። መስኮቱ ለካ እስከ ዛሬ ጅማቱን ደብቆልኝ ኖሯል። ከጎን በቀጥታ የሚመጡትን ሁለት አቅጣጫዎች ትቼ የቀሩትን 6 ወሰድኩ። ሰያፎቹ ላይ አግድም ጭረቶቹ ወጡ። 4 አራት ሆነ። 7 አናቱን አገኘ። ጥላ ቆጣሪ፣ እንዳልከው ነው፤ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያየሁት።

ባትሪው ያለው ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ወንበር ላይ በደረደርኳቸው መጻሕፍት ላይ ነበር። ለመሞከር ያህል አንድ መጽሐፍ ቀነስኩ። ብርሃኑ እንጨቱ ላይ ሊተኛ ሲደርስ፣ ከማውቃቸው ቁጥሮች በላይ ሌላ ረድፍ ብቅ አለ። ስስ ነው። ትናንሽ፣ እኩል እኩል፣ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ቁጥሮች። ከ1 እስከ 9። ባትሪውን በጣት ውፍረት ያህል ከፍ ሳደርገው ይጠፋሉ። መስኮቱ አንድም ቀን አሳይቶኝ አያውቅም።

ከሥራቸው ያሉት፣ አምስት ጠዋት ያነሳኋቸው፣ ያው ከ1 እስከ 9 ናቸው። ግን ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ። 3 ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሁለቱ ፊታቸውን አዙረዋል፣ ሦስተኛው ተስተካክሏል።

ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው። «ስሱ የአባባ ነው» አለኝ። «ከታች ያለው ያንቺ ነው። 3ን ገልብጠሽ ነበር የምትጽፊው። እሱ ከላይ ይጽፍልሻል፣ አንቺ ከሥሩ። እኔ አጠገባችሁ ሆኜ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።»

እኔ ትዝ አይለኝም። ምንም። ቁጭ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ወንበሩን፣ ማታውን፣ እጁን። አልመጣም። አባቴ ነው ብዬ ያነሳሁት የራሴን እጅ ነበር። የሱ ከላይ ነበረ፣ እኔ ሳላየው።


ጥላ ቆጣሪ

ከሥራ ወጥቼ መንገድ ላይ ነው ያነበብኩት፤ ቆሜ።

አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱን ማወቅ ትፈልጊ ይሆናል ብዬ። መጻፍ የሚማር ልጅ እስክሪብቶውን በክንዱ ኃይል ሁሉ ነው የሚጫነው። መጻፍ የለመደ ሰው እጁ ይቀላል። ስለዚህ የልጁ ጥልቅ ሆነ፣ የአባት ስስ። ጥልቁ በመጠነኛ ሰያፍ ብርሃንም ጥላ ይጥላል። ስሱ ግን ብርሃኑ በጣም ካልተኛ አይጥልም። የመስኮትሽ ደፍ ደግሞ ከጠረጴዛው ከፍ የሚል ይመስለኛል፤ ፀሐይ ደፉን ተሻግራ ስትመጣ ከዚያ በላይ ልትተኛ አትችልም። መቶ ዓመት ብትጠብቂ መስኮቱ አያሳይሽም ነበር።


ማለዳ ተጓዥ

የመስኮት ዳር፣ ባትሪውን ተይው ብዬሽ ነበር። ብትሰሚኝ ኖሮ የአባትሽ ረድፍ እስከ ዛሬ ጨለማ ውስጥ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ እና ስላልሰማሽኝ ደስ ብሎኛል።

ግን አሁንም የ9 ደቂቃው ፎቶ እንዳይጣል እለምንሻለሁ። እዚያ ላይ አንቺ ብቻ ነሽ የምትታዪው፣ ከላይሽ ባዶ እንጨት አለ። አሁን ባዶ አለመሆኑን እያወቅሽ ነው የምታዪው።


ስልኬ ካሜራዬ

የትኛውን ልታትሚ ነው? ደግሞ ወንድምሽ ምን አለ?


የመስኮት ዳር

ደፉ ከፍ ይላል፤ ዛሬ ለካሁት፣ ከጠረጴዛው በ11 ሳንቲሜትር።

ወንድሜ እሁድ መጣ። ባትሪውን ያዝኩለት። መጀመሪያ ብዙ አላወራም፤ ጣቱን ስሱ ረድፍ ላይ አስኬደው፣ «በእጅ አይታወቅም» አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ጥልቁን ጣት ያገኘዋል፣ ስሱን አያገኘውም። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ 3ቱን አንድ በአንድ በጣቱ አገኛቸው።

የሚነበበው የሱ ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። 30 በ45 ሳንቲሜትር አሳትምለታለሁ፣ በጥቁርና ነጭ። ለኔ የ60ኛው ጠዋት ይበቃኛል። ከአምስቱ እሷ ላይ ነው የመስኮቱ ፍሬም ጥላ በሰያፍ ከላይኛው ባዶ ቦታ ጋ የወደቀው፤ ያኔ አበላሸብኝ ብዬ ነበር። ሰማያዊ እጅ፣ እሷን በሳያኖታይፕ ልሞክራት ነው። ኔጋቲቩን ፕላስቲክ ላይ አሳትሜያለሁ፣ ጓንትም ገዝቻለሁ። ስንት ደቂቃ ፀሐይ ላይ እንደማቆያት በቁራጭ ወረቀት እየሞከርኩ ነው፤ 3፣ 6፣ 9፣ 12። እስካሁን 9 ነው የተሻለው።

ብርሃኑ ተንሸራትቷል። አሁን ሰያፍ ነው የሚገባው፣ ጠረጴዛው ተመልሶ ጠረጴዛ ሆኗል። ወንድሜ መነጽሩን ረስቶ ሄዷል። ደውሎ አስቀምጪልኝ ብሎኛል፤ እኔ ግን እዚያው፣ እንዳለ ተውኩት። ነገ 72ኛው ጠዋት ነው።